ጫማ እስር ነው ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የነበረ ስለ ጫማ ታሪክ የተጻፈ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት በባዶ እግሩ በነጻነት ኖረ፤ ጫማን የፈጠሩት ነገሥታትና ባለጸጎች ከተራው ሕዝብ ለመለየት ነው፤ ባለ ታኮ ጫማ የሴቶች የማጌጥ ፍላጎት የወለደው ነው፤ እግር በተፈጥሮው ፍጹም ስለሆነ ጫማ ያበላሸዋል እንጂ አይጠቅመውም፤ ለዚህም አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ በቂ ማስረጃ ነው፤ ድሮ ጫማ ሰፊው የእያንዳንዱን ሰው እግር ለክቶ ይሠራ የነበረውን ማሽን መጥቶ አጠፋው፤ ዛሬ ደግሞ ጫማ የስም መሸጫ ብቻ ሆኗል።

ጽሑፉ ጥሩ ቋንቋ አለው፤ አልክድም። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ ሥራዬ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጫማ ስጠግን ኖሬያለሁ። የሾፌር ጫማ ሲመጣልኝ ሳልጠይቀው ሥራውን አውቃለሁ፤ የቀኝ እግሩ ተረከዝ ከኋላ በኩል ተልጦ ይገኛል፤ ፔዳል ሲረግጥ ከወለሉ ጋር የሚፋተገው እዚያ ጋ ነውና። ተንበርክኮ ወለል የሚያነጥፍ ሰው ጫማ ጣቶቹ በሚታጠፉበት መሥመር ላይ ይሰነጠቃል። ቆሞ የሚውል ሰው ጫማ ውስጥ ደግሞ እግሩ እንደ ማኅተም ታትሞ፣ የአውራ ጣቱ ሥር ጎድጉዶ፣ ላቡ ቆዳውን አጥቁሮት ይታያል። ጫማ ለእኔ ይህ ነው፤ የሥራ መሣሪያ ነው። ጸሐፊው ጫማን ከቤተ መንግሥት ምንጣፍ ላይ ብቻ ስለተመለከቱት ይመስለኛል ብዙው ነገር የተዛባባቸው። እንግዲህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጫማ የነገሥታት ፈጠራ ነው ከሚለው ልጀምር። ጫማ ከነገሥታት በፊት ነበረ። በ1938 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፎርት ሮክ በሚባል ዋሻ ውስጥ፣ ሉተር ክረስማን የተባሉ ተመራማሪ ከእሳተ ገሞራ አመድ ሥር በደርዘን የሚቆጠሩ ነጠላ ጫማዎች አገኙ። ከቁጥቋጦ ልጥ የተጎነጎኑ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ9,000 ዓመት ይበልጣል። ከመካከላቸው ለልጅ እግር የሚሆኑም አሉ። በዚያ ዘመን በዚያ ምድር ዘውድ የጫነ ሰው አልነበረም። ልጥ ልጦ ለልጁ እግር የሚሆን ጫማ የጎነጎነ ወላጅ ግን ነበረ።

በ2008 ደግሞ በአርመንያ፣ አሬኒ በተባለ ዋሻ፣ ወደ 5,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የቆዳ ጫማ ተገኘ። ሳይበሰብስ የቆየው የበግ በጠጥ ለዘመናት ተከምሮበት ከአየር ስለጋረደው ነው። ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ከአንድ ወጥ የላም ቆዳ የተሠራ፣ ከፊትና ከኋላ በጠፍር የተሳበ የቀኝ እግር ጫማ ነው፤ ቁጥሩ ዛሬ 37 ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ውስጡ ሣር ተጠቅጥቆበታል። ፎቶግራፉን ሳየው ብዙ ቆየሁ። ጠፍሩ ዛሬም በቀዳዳዎቹ ውስጥ እንዳለ ነው። ያን ቆዳ የቆረጠው ሰው ዛሬ አጠገቤ ቢቀመጥ ያለ አስተርጓሚ እንግባባ ነበር።

በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው ጫማ ከዚህም የበለጠ የታሰበበት ነው። ሶሉ የድብ ቆዳ፣ የላዩ ክፍል የአጋዘን ቆዳ፣ ከውስጥ ደግሞ ከዛፍ ልጥ የተሠራ መረብ ድርቆሹን እግሩ ዙሪያ ይዞለታል። ድርቆሹ ለሙቀት ነው። ይህ ሰው ቀስትና መጥረቢያ ይዞ ተራራ ሲወጣ የሞተ ሰው ነው፤ ያ ሁሉ የእጅ ሥራ የዋለው በረዶ ላይ ለመራመድ ነበር።

ከዚህም ወደ ኋላ የሚሄድ ፍንጭ አለ። የሰውን ቅሪተ አካል የሚያጠኑት ኤሪክ ትሪንካውስ፣ ቤጂንግ አጠገብ የተገኘ ወደ 40,000 ዓመት የሚጠጋ አጽም ላይ ትንንሾቹ የእግር ጣቶች አጥንት ከቀደሙት ሰዎች ይልቅ ቀጭን መሆኑን አሳይተዋል። ጣት መሬቱን ለመጨበጥ በየርምጃው ሲታገል አጥንቱ ይወፍራል፤ መጫሚያ ሲያግዘው ይቀጥናል። እንግዲህ ጫማ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም።

ተራው ሕዝብስ? እንግሊዝ ውስጥ ከሃድሪያን ግንብ አጠገብ በቪንዶላንዳ የሮማውያን ምሽግ ከ4,000 በላይ ጫማዎች ከእርጥብ አፈር ወጥተዋል። የወታደር ብቻ አይደሉም፤ የሴቶች አሉ፣ ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት ጫማዎችም አሉ። ወታደር ብቻ ይኖርበታል ይባል በነበረው ምሽግ ቤተሰብ ይኖር እንደነበረ ለታሪክ ሰዎች ካስረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው የተጣለ ጫማ ነው። ከንጉሥ ዜና መዋዕል የማይገኝ ነገር ከቆሻሻ ጉድጓድ ተገኘ።

ነገሥታት ጫማን ለክብር መጠቀማቸውን አልክድም። በ1922 በተከፈተው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ በውስጠኛው ገጹ የታሰሩ ጠላቶች ምስል ያለበት ነጠላ ጫማ ተገኝቷል፤ ፈርዖኑ በተራመደ ቁጥር ጠላቱን ይረግጣል ማለት ነው። ጸሐፊው ይህንን አንስተዋል፤ ትክክል ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ በ1463 የወጣውን ሕግም አንስተዋል፤ ከጌታ ማዕረግ በታች ያለ ሰው የጫማው ሹል ጫፍ ከሁለት ኢንች እንዳይበልጥ የሚከለክለውን። ነገር ግን ይህ ሕግ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ተራው ሰው ጫማ ባይኖረው ኖሮ ሕጉ ማንን ይከለክል ነበር? ጌቶቹ የቀደሙት በሹሉ እንጂ በጫማው አልነበረም።

ስለ ታኮ ረጅም ነገር አልናገርም፤ ታሪኩ ግልጽ ነውና። ባለ ታኮ ጫማ መጀመሪያ የፈረሰኛ ወንድ ጫማ ነበር። የፋርስ ፈረሰኞች ታኮውን ከእርካቡ ጋር አያይዘው፣ እርካቡ ላይ ቆመው ቀስት ይወረውሩ ነበር። ወደ አውሮፓ ሲደርስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመኳንንት ወንዶች ጌጥ ሆነ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቀይ ታኮ ያደርጉ ነበር። ወንዶቹ የተዉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሴቶች ወንዶች የጀመሩትን ተቀብለው ብቻቸውን ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወቀሳውንም ብቻቸውን ተሸከሙ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኛን ታኮ ካላደረግሽ እያለ ሲያስገድድ ኖሯል፤ የካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ይህን በደንብ የከለከለው በ2017 ነው። ቀኑን ሙሉ በታኮ ቆመው የሚውሉ ሴቶችን ጫማ እጠግናለሁ። የጣቱ በኩል ገበር ተቀድዶ፣ አንዳንዴም ደም ነክቶት ይመጣል። ያን ጫማ አይቶ የማጌጥ ፍላጎት ነው ማለት አልችልም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደቆጨኝ ነጥብ ልምጣ። ባዶ እግር ነጻነት ነው ይላሉ ጸሐፊው። ለማን? በብራዚል ባርነት እስከተሻረበት እስከ 1888 ድረስ ባዶ እግር በባርነት የተያዘ ሰው መታወቂያ ነበር። ነጻ የወጣ ሰው ቶሎ ከሚገዛቸው ነገሮች አንዱ ጫማ ነበር፤ ነጻነቱ መንገድ ላይ የሚታየው በእግሩ ነውና። ያ ሰው ባዶ እግር ነጻነት ነው ቢባል ምን ይመልስ ይሆን? ጫማ ማውለቅ ነጻነት የሚሆነው ማውለቅ ለሚችል ሰው፣ ማለትም ጫማ ላለው ሰው ነው።

እግር ፍጹም ነው የሚለው ላይ ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሹን ልስጣቸው። በ2010 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያርፉት በተረከዛቸው ሳይሆን በእግራቸው ፊት በኩል መሆኑ፣ በዚህም የተነሣ ምቱ ቀለል የሚልላቸው መሆኑ ታይቷል። በ2019 ደግሞ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ ሥር የሚያበቅለው ወፍራም ቆዳ የመሬቱን ስሜት እንደማያደነዝዝበት ተረጋግጧል፤ ወፍራም ስፖንጅ ሶል ግን ያደነዝዛል። ይህ ለእኔ ለጠጋኙም ትምህርት ነው። ጣትን የሚጨፈልቅ ጠባብ ጫማ እግርን እንደሚያጣምምም በየቀኑ አያለሁ።

የተተወው ግማሽ ግን ከባድ ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ መንጠቆ ትል አለ። ገና ያላደገው የትሉ እጭ ባዶ እግር ሲያገኝ በጣቶች መካከል ባለው ስስ ቆዳ ይገባል፤ በደም ሥር ሄዶ ሳንባ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ይዋጣል፤ መጨረሻ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በዚህ ትል ደማቸው ያለቀ ገበሬዎችና ልጆቻቸው ለረጅም ዘመን ሰነፎች ተብለው ተሰድበዋል። በ1909 የሮክፌለር የጤና ኮሚሽን ዘመቻ ሲጀምር ትግሉ በመድኃኒት፣ በመጸዳጃ ቤትና በጫማ ነበር። ስንፍና የተባለው በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ በሩም ባዶ እግር ነበር።

ሌላም አለ። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ አገሮች፣ በአፍሪካም በመካከለኛው አሜሪካም በእስያም፣ ለዓመታት በባዶ እግር ያረሰ ሰው እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ከዝሆኔ ዓይነቶች አንዱ ነው። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከአፈሩ የሚገቡ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች ከቆዳ ሥር ያለውን የሊምፍ መተላለፊያ ስለሚያቆስሉት የሚመጣ ነው። በሽተኛው ተላላፊ ነው እየተባለ ከሰው ሲገለል ይኖራል፤ ትዳርም ሥራም ያጣል። መከላከያው እግርን ታጥቦ ጫማ ማድረግ ነው። በሰሜን አፍሪካ ቀድሞ በነበረባቸው አገሮች ጫማ ማድረግ ሲለመድ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ እግር አንድ ጊዜ ጫማ እንድሠራለት ቀርቦልኝ ያውቃል። ወረቀት ዘርግቼ ዙሪያውን በእርሳስ ሳሰምር ባለቤቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እስክጨርስ አልተመለሰም። ጫማ እስር ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ያ ሰው ነው ፊቴ የመጣው።

አበበ ቢቂላስ? ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ልብ የሚያሞቅ ታሪክ ነው፤ ማንም አይነካብኝም። ጸሐፊው ግን ታሪኩን መሃል መንገድ ላይ አቆሙት። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያው አበበ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ እንደገና የዓለም ክብረ ወሰን ነው፤ በሦስት ደቂቃ የፈጠነ። ከዚህ ተነሥቼ ጫማ ያፈጥናል ብል እኔም እንደ ጸሐፊው እሳሳታለሁ፤ መንገዱም፣ ቀኑም፣ ሰውየውም የአራት ዓመት ለውጥ ነበረባቸው። ሮም ላይ የሆነው ነገር ግን ለጫማ ሰፊ ጆሮ ግልጽ ነው። የቀረበለት ጫማ ለእግሩ አልተመቸውም፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ የለመደው ነበር። ለአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ውኃ የሚያስቋጥር ጫማ ከማድረግ አለማድረግ ይሻላል፤ እኔም ብሆን ይህንኑ እመክረው ነበር። አበበ የጣለው ያልተመቸውን ጫማ ነው። የተመቸውን ቶኪዮ ላይ አጥልቆታል።

እግረ መንገዴን፣ ቋንቋችን ይህን ከማንም በፊት የተረዳው ይመስለኛል። «ጫማ» ስንል የምንረግጥበትን የእግር ሥርም፣ የምንጫማውንም እንጠራለን። ርዝመትም ስንለካበት ኖረናል። እግር፣ መጫሚያና ልክ በአንድ ቃል ተቀምጠዋል፤ ሙያው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ማገናኘት ነው።

ከልክ አልወጣሁም፤ የማሽኑ ጉዳይ እዚሁ ላይ ነው። ድሮ የእያንዳንዱ ሰው እግር ተለክቶ ጫማ ይሠራለት ነበር የሚለው ለባለጸጋው እውነት ነው። ለሌላው ግን ከ1600ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1800ዎቹ ድረስ በአውሮፓ ይሠራ የነበረው የእጅ ጫማ በአብዛኛው ግራና ቀኝ አልነበረውም! ሁለቱም ቀጥ ያሉ፣ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሮማውያን ግራና ቀኝ ለይተው ይሠሩ ነበር፤ የመካከለኛው ዘመን ሰፊዎችም እንዲሁ። ታኮ ሲመጣ የግራና የቀኝ ፎርማ፣ ማለትም ጫማው የሚወጠርበትን የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት፣ አስተካክሎ መጥረብ ከበደ፣ ወጪውም እጥፍ ሆነ፤ ስለዚህ ተተወ። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ጫማውን በገዛ እግሩ ሥቃይ ሲያለማምድ ኖረ። ያ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ነገሩን የቀየረው ቶማስ ብላንቻርድ በ1819 የሠራው መቅረጫ ማሽን ነው። የተሠራው ለጠመንጃ ሰደፍ ነበር፤ የተጣመመ ቅርጽ እያስመሰለ ስለሚጠርብ ግን ለጫማ ፎርማም ዋለ፤ ግራና ቀኝ በርካሽ ተመለሱ። እግርን ያስታወሰው ማሽን ነበር።

ስለ ማሽን ሲነሣ አንድ ሰው ሳይነሣ ማለፍ አልፈልግም። ያን ማትዜሊገር በ1852 በሱሪናም ተወለደ፤ ጥቁር ነው፤ ሊን በተባለችው የማሳቹሴትስ የጫማ ከተማ በፋብሪካ ሠራተኝነት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የጫማን የላይ ክፍል በፎርማ ላይ ወጥሮ ከሶሉ ጋር ማያያዝ በእጅ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ጎበዝ ባለሙያ በቀን 50 ጥንድ ያህል ያወጣ ነበር። ይህን ሥራ የሠራ ሰው አውራ ጣቱ ያውቀዋል፤ ቆዳው ሲሳብ መጨማደድ የለበትም፣ ከልክ በላይ ከተሳበም ይቀደዳል። ማትዜሊገር ሌሊት ሌሊት እየሠራ፣ የእጅን አሳሳብ የሚከተል ማሽን ፈጠረ፤ የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃዱን በ1883 አገኘ። ማሽኑ በቀን እስከ 700 ጥንድ ይወጥር ነበር። የጫማ ዋጋ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። እሱ ግን በ1889፣ በ36 ዓመቱ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ማሽን ሠራተኛን አልጎዳም አልልም፤ በዚያችው ከተማ በ1860 ደመወዛቸው የተቆረጠባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ጫማ ሠሪዎች ሥራ አቁመው ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው ማሽን ያጠፋው ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ጫማ መግዛት የማይችል የነበረ ሰው በማትዜሊገር ማሽን ስንት ልጆቹን እንዳጫማበትም አብሮ መጠየቅ ነበረባቸው።

መለካትም ቢሆን ከማሽን ጋር አልሞተም። በ1920ዎቹ ቻርልስ ብራኖክ የሠራው የብረት መለኪያ የእግርን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ስፋቱንና ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር ያለውንም ይለካል፤ ዛሬም የሚስተካከለው ጥቂት ነው። የሚያሳዝነው ብዙ መደብር ትቶታል፤ ገዢው በቁጥር ብቻ ይገዛል፣ ከዚያ ጫማውን ላስፋው ብሎ ወደ እኔ ያመጣዋል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ዛሬ ጫማ የስም መሸጫ ሆኗል የሚለው ነው። ስሙ ውድ መሆኑ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከስሙ በታች ያለው አሠራር ነው። በ2013 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች አንድ የተለመደ ጥንድ የሩጫ ጫማ 65 ክፍሎች እንዳሉት፣ ለመሥራትም ከ360 በላይ ሂደቶች እንደሚያስፈልጉትና በዕድሜው ወደ 14 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያስከትል አስልተዋል። እንዲህ ያለ ጫማ ሶሉ ከላዩ ጋር የሚያያዘው አብዛኛውን ጊዜ በማጣበቂያ ነው። ዙሪያውን የተሰፋ የቆዳ ጫማ ሶሉ ሲያልቅ ስፌቱን ፈትቼ ሌላ ሶል እሰፋለታለሁ፤ ከአንድ ጊዜ በላይም ሊታደስ ይችላል። የተጣበቀውን ግን ብዙ ጊዜ ለመክፈት ስሞክር አብሮ ይቀደዳል። ጸሐፊው ስለ ስም ብዙ ጻፉ፤ ስለ መጠገን አንድ መሥመር አልጻፉም።

በቅርቡ አንዲት እናት በካርቶን የያዙትን ጫማ ይዘው መጡ። ለልጃቸው ምርቃት ገዝተው አንድ ቀን ብቻ አድርገውታል፤ ከዚያ ለሌላ ደስታ ብለው ሰባት ዓመት በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ካርቶኑን ስከፍተው ላዩ አዲስ ነው፤ ሶሉ ግን በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈረፈረ።

«ልጄ፣ ምን በላው? አይጥ ነው?» አሉኝ።

«አይጥ አይደለም እናቴ፤ አየሩ ነው» አልኳቸው። ፖሊዩረታን የሚባለው የሶል ዓይነት ባይረገጥም ከአየር እርጥበት እየሳበ ውስጡ ይፈርሳል፤ ተቆጥቦ ሲቀመጥም ያልቃል። ይህን የሸጠላቸው ሰው ሊነግራቸው ይገባ ነበር።

ፍርፋሪውን ጠርጌ፣ የላዩን ታች በሻካራ ወረቀት ፈትጌ፣ የጎማ ሶል ቆርጬ በማስቲሽ አጣበቅኩለት፤ ማስቲሽ ብቻውን ስለማላምን ዙሪያውንም በሰም ክር ሰፋሁት። ሲወስዱ እግራቸውን አጥልቀው ሁለት ሦስት ጊዜ ወለሉ ላይ ረገጡ። ወደ ካርቶኑ ልመልስላቸው ስል እጄን ያዙኝ፤ «ተወው፣ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ነው የማደርገው» አሉ። አሮጌውን በፌስታል አንጠልጥለው፣ አዲሱን ተጫምተው ወጡ።